ከወንፊቱ በላይ የቀረው፦ ኮምፖስት ስነፋ የተማርኩት

የጠፋችው የሻይ ማንኪያ የተገኘችው ወንፊት ላይ ነው። ስድስት ነበሩ፤ አንዷ ከጠፋች ዓመት ሊሞላት ነበር። ቤት ውስጥ ያልተጠረጠረ ሰው የለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፖስት፣ ማለትም ከልጣጭና ከቅጠል የበሰበሰውን ጥቁር አፈር፣ ስነፋ ሽቦው ላይ ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ። አፈሩን አራግፌ ባየው ማንኪያችን! ከልጣጭ ጋር ተደባልቃ ባልዲ ገብታ፣ ከባልዲው ክምር ላይ ተደፍታ፣ እዚያው ከርማ ወጣች። ከመጥቆሯ በቀር ምንም አልሆነችም።

ከእሷ ጋር ሽቦው ላይ የቀረውን ስቆጥር ግን ሳቄ ቆመ። ፍራፍሬ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ የፕላስቲክ ምልክቶች፣ 11። የሻይ ከረጢት አፅም፤ ሻዩ በስብሶ አልቋል፣ መረቡ እንደ አዲስ ነው። ትናንት የተሰበረ የሚመስል የእንቁላል ቅርፊት። እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጣብቆ የቀረ ቅጠል። የልጅ ካልሲ ላስቲክ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደሚወርደው ጥቁር አፈር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽቦው ላይ የሚቀረውን ነው ደህና አድርጌ የማየው። ክምሬ ምን እንደጎደለው የሚነግረኝ እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያህል ሳልነፋ ነው የተጠቀምኩት። ክምሩን ከሥሩ እከፍትና በአካፋ እየዛቅሁ መደብ ላይ እበትናለሁ፣ በቃ። ቲማቲሙም ዱባውም ቅር ያለው አይመስልም ነበር። ነገር የተበላሸው ችግኝ በሳጥን ማፍላት ስጀምር ነው። የሰላጣ ዘር ታውቁታላችሁ፤ እፍ ቢሉት ይበራል። እንዲህ ያለውን ዘር ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ጓል የሆነ ነገር ላይ ስትበትኑት ከፊሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከፊሉ ቅርፊት ላይ ተቀምጦ ይደርቃል። ከዘራሁት ሩቡ እንኳ አልበቀለም። ካሮትም አለ። ሥሩ ቀጥ ብሎ ሲወርድ እንጨት ወይም ጠጠር ካጋጠመው ለሁለት ይከፈላል። ሱሪ የለበሰ የሚመስል ካሮት ነቅዬ ልጆቹ ሳምንት ሙሉ ስቀውብኛል።

ቢሆንም ይህን አስቀድሜ ልናገር። ኮምፖስት ሁሉ አይነፋም። ዛፍ ሥር የሚደፋ፣ መደብ ላይ እንደ ጉዝጓዝ የሚነጠፍ ወይም ከአፈር ጋር በዶማ የሚደባለቅ ከሆነ ሻካራው ይሻላል። ቁርጥራጩ አየር ያስገባል፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ዝናብ ሲመታውም ላዩ አይደድርም። እኔ ከማወጣው ቢበዛ ሲሶውን ነው የምነፋው። እሱም ለችግኝ ሳጥን፣ ለአበባ ማሰሮ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ለሚዘራበት መስመር፣ ሣር ላይ በስሱ ለሚበተነው ነው። የቀረው እንዳለ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው ክምሩን እስከ መጨረሻዋ እፍኝ ነፍቶ፣ እንደ ዱቄት አልሞ ያሳያችኋል። ፎቶ ላይ ያምራል። ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ግን ይጠቀጠቃል፤ ሥሩም አየር ያጣል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ ቃል በቃል አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ወንፊት የያዝኩት ዝናብ ባባራ ማግስት ነበር። ክምሩ አራት ወር አልሞላውም፤ ላዩን ሲያዩት ግን ጠቁሯል። አንድ አካፋ ሽቦው ላይ ደፋሁ። ነቀነቅሁ። ምንም አልወረደም። ደግሜ ነቀነቅሁ። እንደ ጭቃ ተለጥፎ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነው። ንዴቴ መጣና በመዳፌ እየደፈጠጥኩ አሳለፍኩት። ከታች እንደ ፍየል በጠጥ የተድቦለቦለ ነገር ወረደ። እኔ ደግሞ ሠራሁ ብዬ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ሲደርቅ እንደ ጠጠር ጠነከረ። አንድ የእጅ ጋሪ ሙሉ ኳስ! ሸራ ላይ አስጥቼ፣ ውሃ አርከፍክፌ፣ በእጄ እየለቀምኩ ሰበርኩት።

ስለዚህ ከመንፋታችሁ በፊት አንድ ጭብጥ አንሡና ጨምቁ። ውሃ በጣቶቻችሁ መሃል ከወጣ ገና ነው። ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚፈረካከስ ከሆነ ልኩ እሱ ነው። ጭራሽ አልጨበጥ ብሎ የሚቦንን ከሆነ ደግሞ ደርቋል፤ ውሃ እፍ እፍ አድርጉበት። ክምሩ ገና በመበስበስ ላይ ሳለ የሚፈልገው እርጥበት በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ ያህል ነው። ለመንፋት ግን ከዚያም ትንሽ ጠፈፍ ማለት አለበት። እኔ ለመንፋት ካሰብኩበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ክምሩን ከዝናብ እሸፍነዋለሁ። አሁንም ከረጠበ ሸራ ላይ ጥላ ውስጥ በስሱ ዘርግቼ፣ አንዴ ሁለቴ አገላብጬ አሳድረዋለሁ። ፀሐይ ላይ አድርቄ ልጨርሰው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ፤ የአቧራውን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

መድረሱን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ቀለሙ አያታልላችሁ፤ እኔን አታሎኛል። ክምር በደንብ ሲሠራ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ስታገላብጡት ተመልሶ ከጋለ ገና የሚበላ ነገር አለው ማለት ነው። አገላብጣችሁት፣ እርጥበቱ ደህና ሆኖ፣ ሳይሞቅ ከቀረ ወደ መጨረሻው ደርሷል። ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ከፍታውም ከጀመረበት ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ከጠረጠራችሁ ሁለት መሞከሪያ አለ። አንደኛው፣ አንድ እፍኝ እርጥብ ኮምፖስት ፌስታል ውስጥ አስሮ ሦስት ቀን ማቆየት ነው። ሲከፈት የኮመጠጠ ወይም የአሞኒያ ሽታ ፊታችሁን ከመታው ይመለስ። ሁለተኛው የእኔ ተወዳጅ ነው። ሃያ የፌጦ ዘር ኮምፖስቱ ላይ፣ ሃያ ደግሞ ተራ አፈር ላይ ዝሩ። ፌጦ በጥቂት ቀን ስለሚበቅል መልሱ ሳምንት አይፈጅም። በኮምፖስቱ ላይ ያለው ከቀነሰ ወይም ሥሩ ከጫጨ ገና አልበሰለም። ያልበሰለ ኮምፖስት ውስጥ ዘር የሚጎዱ አሲዶች አሉ። ከአፈር ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ሥራቸውን ለመጨረስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማሉ። ያኔ ችግኙ ይገረጣል። እኔ የዚያን ዓመት የቃሪያ ችግኞቼን ቢጫ ሆነው ሳያቸው በሽታ መስሎኝ ስንቱን ስረጭ ከረምኩ።

አሁን ወደ ወንፊቱ። ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ሦስት ጊዜ ነው የሠራሁት።

የመጀመሪያው የኩሽና የዱቄት ወንፊት ነበር። ስለሱ ባናወራ ይሻላል፤ ቤት ውስጥ አሁንም ይነሣብኛል። ሁለተኛውን ከአሮጌ የመስኮት ፍሬምና ከዶሮ አጥር ሽቦ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገጣጠምኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሦስተኛው አካፋ ሽቦው እንደ አሮጌ አልጋ ረገበ። በአምስተኛው ምስማሮቹ ተነቀሉ። ጡረታ የወጣ አናጺ ጎረቤት አለን። በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ቆይቶ መጣና ሽቦውን በጣቱ ሳብ አደረገው።

«ልጄ፣ ይሄ ዶሮ ያግዳል እንጂ አፈር አይነፋም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ጋሪሽ አፉ ስንት ነው?»

አላውቅም። ለክቼው አላውቅም። ሳቀ። «እንግዲያ ምኑን ለክተሽ ነው ሳጥን የሠራሽው?»

ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ወንፊቱ የሚቀመጠው በጋሪው ሁለት ከንፈሮች ላይ ነው። ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት። ከጠበበ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከሰፋ ደግሞ የተነፋው አፈር ከጋሪው ውጪ ይፈሳል። የእኔ ጋሪ አፉ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሳጥኑን በውጭ በኩል 64 ሳንቲ ሜትር አደረግነው። የጎኖቹ ጣውላ ውፍረት 2.5 ሳንቲ ሜትር ስለነበር ውስጡ 59 ቀረ። እንዲህ ሲሆን ጣውላው በከንፈሩ ላይ ያርፋል፤ ሽቦው በሙሉ ደግሞ ከጋሪው አፍ በላይ ይውላል። ቁመቱን 80 አደረግነው። የጎኖቹ ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ ስትነቀንቁ ይዘላል፤ ከበዛ ሳጥኑ በከንቱ ይከብዳል። ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች በሁለቱም ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር አሳልፈን ቆረጥናቸው፤ እጀታ ሆኑ። ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስናቸው። ይህን አትዝለሉት፤ ግማሽ ሰዓት ስትነቀንቁ እንጨት የሚወጋው መዳፋችሁን ነው።

ሽቦው የተጠማዘዘ ሳይሆን መጋጠሚያው ሁሉ የተበየደ፣ ዝገት እንዳይነካው ዚንክ የተለበጠ መሆን አለበት። የቀዳዳው ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። ለደቃቅ ዘር ሌላ የ6 ሚሊ ሜትር ወንፊት አለኝ። መጀመሪያ በ12ቱ ያለፈውን ነው በሱ የማሳልፈው። በቀጥታ በትንሹ ከጀመራችሁ ቀኑ ይመሽባችኋል። ከ6 በታች መውረድ ልፋት ብቻ ነው ባይ ነኝ።

ሽቦውን ስትቆርጡ ዙሪያውን 3 ሳንቲ ሜትር አስተርፉና ጫፉን በፒንሳ አጥፉት። የተቆረጠ ሽቦ መርፌ ነው። አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የሱ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ አፈርና ፍግ ውስጥ ስለሚኖር ክትባታችሁ ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጡ። እኔ ያረጋገጥኩት ከተወጋሁ በኋላ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ አድርጉት። ሽቦውን ከሳጥኑ ሥር ወጥራችሁ፣ ባለ ሁለት እግር ምስማር በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ምቱ። ከዚያ ላዩ ላይ ቀጭን ጣውላ አድርጋችሁ በቪቴ እሠሩት። እኔ ምስማሩ ይበቃል ብዬ ነበር። ጎረቤቴ እምቢ አለ። ልክ ነበር፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያ ቀጭን ጣውላ ነው። ጋሪው ላይ የሚንሸራተተውም እሱ ስለሆነ ሽቦው አይፋቅም። መሃሉ እንዳይረግብ አንድ ቀጭን ብረት ከሥር አሳለፍን። ያ ወንፊት አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ብዙ ላለው ሰው ግንበኞች አሸዋ የሚነፉበት ዓይነት ትልቅ መረብ ጎኑን ደግፎ ማቆም ይቻላል፤ ወደ 45 ዲግሪ ዘንበል አድርጎ በአካፋ መወርወር። ይፈጥናል፤ ደቃቁ ከኋላ ይወርዳል፣ ሻካራው ከፊት ይንከባለላል። ከብስክሌት ጎማ ቸርኬና ከሽቦ የሚሽከረከር በርሜል የሚሠሩም አሉ። ያምራል። ለእኔ ጓሮ ግን ለዶሮ ጫጩት በሬ ማረድ ሆነብኝ።

ወደ ሥራው ስንገባ ትልቁ ስህተት ሳጥኑን መሙላት ነው። አሥር ሊትር ኮምፖስት ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲረጥብ ይብሳል። ሁለት አካፋ ይበቃል። በስሱ ሲሆን በደቂቃ ይወርዳል። ሲቆለል ግን የላዩ የታችኛውን አፍኖ አብሮ ይቀመጣል። እንቅስቃሴው ወዲያና ወዲህ ሆኖ በየጫፉ ጋሪውን ገጭ ማድረግ ነው። ቀዳዳውን የሚከፍተው ያ ግጭት ነው። ክብ ማንገዋለል ደቃቁን ወደ ታች ከማውረድ ይልቅ ሻካራውን ወደ መሃል ይሰበስበዋል።

ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ ድምፁ ደፍ ደፍ ይላል። ከዚያ አሸዋ እንደሚፈስ ሸሽ ሸሽ ይላል። ቆይቶ ኳ ኳ ኳ ይጀምራል፤ እንጨትና ድንጋይ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ሸሽታው ሲቆም አቁሙ። ከዚያ በኋላ የምትነቀንቁት ለራሳችሁ ክንድ ነው። በጓንት የቀሩትን ጓሎች ፈርከስ ፈርከስ አድርጋችሁ አንድ ሁለቴ ገጭ፣ ከዚያ ግርዱን ወደ ሸራው ድፉት። አንድ ጋሪ የተነፋ ለማግኘት እኔ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ወገቤን የማመሰግነው ጋሪውን አራት ብሎኬት ላይ ከፍ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ጎንበስ ብሎ መንፋት ለሁለት አካፋ እንጂ ለሁለት ሰዓት አይሆንም።

እንግዲህ ግርዱ። እህል ላይ ቢሆን ግርድ የሚጣል ነው። እዚህ ግን አብዛኛው ተመልሶ ወደ ሥራ ይገባል። እኔ ሸራው ላይ ዘርግቼ በእግሬ አጠገብ እለየዋለሁ። ያልበሰበሰው እንጨት፣ ግንድና ገለባ ወደ አዲሱ ክምር ይሄዳል። ረቂቅ ተሕዋስያኑን ይዞ ስለሚሄድ እንደ እርሾ ነው፤ በዚያ ላይ ክምሩ እንዳይጠቀጠቅ አየር ያስገባል። ድንጋዩ መሄጃ መንገድ ላይ ይበተናል። ፕላስቲኩ ቆሻሻ ውስጥ። ጠንካራውን የፍራፍሬ ፍሬ በመዶሻ የሚሰብር ትዕግሥት ካላችሁ ስበሩት፤ እኔ ትዕግሥት ስለሌለኝ ከእንጨቱ ጋር እመልሰዋለሁ። አንዳንዱ አራተኛ ዙሩን ይዟል፤ መተዋወቅ ጀምረናል።

ከመመለሴ በፊት ግን እያገላበጥኩ አያለሁ። ደረቅ ቀንበጥ ከበዛ እንጨታማው በዝቷል ወይም ሳይቆረጥ ገብቷል። የካርቦኑ (ከደረቁ እንጨትና ገለባ የሚመጣው) እና የናይትሮጅኑ (ከእርጥቡ ልጣጭና ሣር የሚመጣው) ሚዛን ሲጀመር ከ25 እስከ 30 ለ1 ቢሆን ክምር ደህና ይሠራል። ይህን ማንም ጓሮ ውስጥ በሚዛን አይለካም፤ ግርዱ ግን ወደየት እንዳዘነበላችሁ ይናገራል። እንደ ገጽ የተጣበቀ ቅጠል ካያችሁ ቅጠሉ በጅምላ ተደፍቷል። አየር አልገባውም። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ሳልሰባብርና ከእርጥብ ጋር ሳልደባልቅ አልከምርም። እንደ ምንጣፍ ተጣብቆ የቀረ ሣርም ያው ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ነጣ ያለና ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ገለባ ካገኛችሁ ያ ቦታ ግሎ ውሃ ጠምቶታል። ስታገላብጡ ውሃ ጨምሩ ማለት ነው።

የእንቁላል ቅርፊት አይበሰብስም ማለት ይቻላል፤ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። ጉዳት የለውም። ግን ደርቆ ካልደቀቀ እንዲያው ተንከራትቶ ይመለሳል። አሁን ጣሳ ውስጥ አጠራቅሜ ሲደርቅ በድንጋይ እፈጨዋለሁ። የሻይ ከረጢቱ ነገር ነው ያናደደኝ። ወረቀት ይመስላል፤ ብዙዎቹ ውስጥ ግን የፕላስቲክ ክር አለ። ስለዚህ ሻዩን ቀድጄ እደፋለሁ፣ ከረጢቱ ሌላ ቦታ። የፍራፍሬ ምልክቱን በተመለከተ ቤት ውስጥ ሕግ ወጥቷል፤ ተለጣፊው ሳይነሣ ልጣጩ ባልዲ አይገባም። ሕጉ ይከበራል አልልም። ባለፈው ዙር ያገኘሁት ግን ሁለት ብቻ ነው። ግርዱም ቀንሷል። መጀመሪያ ላይ ሦስት ጋሪ ነፍቼ አንድ ጋሪ ግርድ ነበር የሚተርፈኝ። ቀንበጡን በአውራ ጣት ርዝመት መቆራረጥ ከጀመርኩ ወዲህ ከሦስት ጋሪ ሁለት ባልዲ አይሞላም።

ወንፊት የማያስቀረውንም ልንገራችሁ። የአረም ዘር በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እየዘፈነ ያልፋል። አንድ ጊዜ ሰላጣ የዘራሁበት ሳጥን ቲማቲም አበቀለ። እንዳለ ቲማቲም! ዘሩን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት። የቤት ክምር ደግሞ መሃሉ ይግላል እንጂ ዳር ዳሩ አይደርስበትም። ካላገላበጣችሁት ዳር ያለው ዘር በሕይወት ይወጣል። አሁን የነፋሁትን ሳጥን ውስጥ በስሱ ዘርግቼ፣ አርጥቤ፣ ሁለት ሳምንት እተወዋለሁ። የሚበቅለው ይበቅላል። ነቅዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የራሴን ዘር የምዘራው።

ትሎችም አሉ። ብዙ ቀይ ትል ካያችሁ ከመንፋታችሁ በፊት ቆም በሉ፤ የሚበላ ነገር ገና አለ ማለት ነው። ሲያልቅባቸው ራሳቸው ይሄዳሉ። ጥቂት ከሆኑ ኮምፖስቱን ብርሃን ላይ እንደ ጉልላት ከምሩት። ትል ብርሃን ስለማይወድ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ከላይ ከላይ እየገፈፋችሁ ንፉ፣ ጠብቁ፣ ደግሞ ግፈፉ። መጨረሻ ላይ ታች ተጠቅልለው ታገኟቸዋላችሁ። አንሥታችሁ ወደ አዲሱ ክምር። ልጆች ካሉ ይህን ሥራ ለነሱ ስጡ፤ እኔ ጠይቄ እምቢ ተብዬ አላውቅም።

የአቧራውን ነገር እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። ኮምፖስት ውስጥ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ይኖራል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሌጂዮኔላ ሎንግቢቼ የሚባል ባክቴሪያም አለ። ከኮምፖስትና ከማሰሮ አፈር ጋር የተያያዘ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። አብዛኛው ሰው ነክቶት ምንም አይሆንም። እኔ ግን ያለ ማስክ አልነፋም። ደረቅ ኮምፖስት አልነፋም። ዝግ መጋዘን ውስጥም አልነፋም። ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ እቆማለሁ። እጄን ሳልታጠብ ውሃ እንኳ አልጠጣም። አስም ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ካለ አካፋውን ለሌላ ይስጥ።

የተነፋውን እኔ አየር በሚያስገባ ጆንያ ውስጥ ጥላ ላይ አቆየዋለሁ። ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ከቆየ ይሸታል። ዝናብ ላይ ከተተወ ደግሞ ምግቡ ታጥቦ ይሄዳል። ለችግኝ ብቻውን አትጠቀሙበት፤ ጨውና ምግቡ ለለጋ ሥር ይበዛበታል። እኔ አንድ እጅ ኮምፖስት ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ አፈርና አሸዋ ጋር እደባልቃለሁ። መደብ ላይ ሲሆን ግን ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻውን ቢነጠፍ ችግር የለውም።

ስትጨርሱ ወንፊቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን በእንጨት መታ መታ፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። እርጥብ አፈር ማዕዘኑ ላይ ከቀረ ጣውላውን የሚያበሰብሰው እሱ ነው፤ ያው ኮምፖስት ሥራውን አይረሳም። ማዕዘኑን ለመፋቅ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ከሁሉ የተመቸኝ የሻይ ማንኪያዋ ነች። ቤት ውስጥ ተመልሳ ሻይ እንዳታማስል ተወስኖባት፣ ከወንፊቱ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች።